ያረጀ ውሻን የጅማ ዝናብ እንዳይጥለው፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ውሻቸው ያረጀባቸው ሰዎች በየክረምቱ የሚሠሩት ስሕተት ተመሳሳይ ነው። መነሣት ሲያቅተው፣ በር ላይ መጮኽ ሲተው፣ ሳህኑን አሽትቶ ሲመለስ «አርጅቷል፣ ምን ይደረጋል» ብለው ይተዉታል። ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ ግን የሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ሕመም ደግሞ ወይ ይታከማል ወይ ይቀልላል።

ነገሩን የሚያከብደው የውሻው ታማኝነት ነው። ወገቡን የሚያመው ውሻ ብቻውን ሲሆን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። የእናንተን ኮቴ ሲሰማ ግን የፊት እግሮቹን ይዘረጋል፣ ትንሽ ቆም ይላል፣ የኋላዎቹን በሲሚንቶው ላይ እየጎተተ ጥፍሩን እየፋቀ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጭራው መቁላቱን አያቆምም። እናንተ የምታዩት ጭራውን ብቻ ስለሆነ ደኅና ነው ብላችሁ ትገባላችሁ።

ትልልቅ ውሾች ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ትንንሾቹ ከ10 ዓመት በኋላ እንዳረጁ ይቆጠራሉ። ሥራውን በየካቲት ጀምሩ። ጅማ ላይ ዝናቡ ሐምሌን አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል።

ደረጃ 1፦ መነሻውን መዝግቡ

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ ሰዓት፣ መለኪያ ያለው ጆግና ሚዛን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትቀይሩ ተመልከቱና ጻፉ። ይህን ዘልለው በቀጥታ ወደ መድኃኒት የሚሄዱ ሰዎች ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲላቸው መልስ የላቸውም።

1. ክብደቱን ለኩ። ታቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። ለመታቀፍ ከከበደ የቡናና የእህል ነጋዴዎች ሚዛን ይበቃል፤ ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ አይጠፋም። ማንኛውም መድኃኒት በክብደት ስለሚሰላ ይህ ቁጥር ግምት መሆን የለበትም።

2. ትንፋሹን ቁጠሩ። ጭልጥ ብሎ ሲተኛ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ቁጠሩ። እንቅልፍ ላይ እያለ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ልብ ወይም ሳንባ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሐኪም ነው።

3. የሚጠጣውን ውኃ ለኩ። ጠዋት ለክታችሁ ስጡ፣ በማግስቱ የተረፈውን ቀንሱ። በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ውሻ፣ ማለትም 20 ኪሎ የሚመዝን ሆኖ 2 ሊትር የሚያልፍ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ችግር ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር አለበት። ከዝናብ ኩሬ የሚጠጣ ከሆነ ልኬቱ ከንቱ ነው፤ በዚያ ቀን ግቢ ውስጥ ብቻ አውሉት።

4. ድዱን እዩ። ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ድዱን በጣት ጫን በሉና ልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ መመለስ አለበት። የገረጣ፣ ቢጫ የሆነ ወይም የጠቆረ ድድ ቀጠሮ አይሰጥም። (ከተፈጥሮው ጥቁር ድድ ያለው ውሻ ብዙ ስለሆነ የዐይኑን የውስጥ ሽፋን ተመልከቱ።)

5. አነሣሡን ከሩቅ እዩ። ሳያያችሁ፣ በመስኮት። የትኛውን እግር እንደሚያስቀድም፣ ስንት ጊዜ እንደሚሞክር፣ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ያነክስና ሲራመድ እየተሻለው እንደሆነ ጻፉ። ሲራመድ የሚሻለው አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው።

6. ከራስ እስከ ጭራ ዳስሱት። እብጠት፣ ቁስል፣ መዥገር ፈልጉ። መዥገር የሚደበቀው ጆሮ ውስጥ፣ ብብትና በጣቶቹ መካከል ነው። የሚያመው ቦታ ላይ ስትደርሱ ላይጮኽ ይችላል፤ ከንፈሩን ይልሳል፣ ወይም ዞር ብሎ እጃችሁን ያያል። እዚያ ላይ አቁሙና ጻፉ፤ ደግማችሁ አትጫኑት።

ደረጃ 2፦ መኝታውን ከመሬት አንሡ

የጅማ ችግር ቅዝቃዜ ሳይሆን እርጥበት ነው። መሬት ላይ የሚተኛ አሮጌ ውሻ ወገቡ ይደርቃል፣ ክርኑ ይላጣል፣ ቆዳው ይሻግታል።

1. ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ ከፍታ ያለው የጣውላ ርብራብ ሥሩ። ከዚያ በላይ ከፍ ካለ መውጣት ያቅተውና ከሥሩ ይተኛል።
2. ላዩ ላይ ደረቅ ጭድ የተሞላ ጆንያ አድርጉ። ጭዱ በየሳምንቱ ይቀየር፤ ዝናብ ሲበዛ ቶሎ ቶሎ።
3. የቡና ገለባ አትጠቀሙ። እዚህ በነጻ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይሞላዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሻግታል፣ ካፌይንም አለበት፣ ውሻም መኝታውን ያኝካል።
4. የቤቱ መግቢያ ዝናብ ከሚገፋበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይሁን። ደፍ አታድርጉለት።
5. ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ሰሌን ወይም ካርቶን ለጥፉ። በባዶ ቆርቆሮ ሥር የበረዶ ድምፅ መቋቋም ያቃተው አሮጌ ውሻ አጥር ጥሶ ይወጣል፤ መንገድም አያገኝም።
6. ከመኝታው እስከ ሳህኑ፣ ከሳህኑ እስከ መሽኛው ባለው ሲሚንቶ ላይ የጆንያ መንገድ አንጥፉ። ላስቲክ አታንጥፉ፤ ያንሸራትታል።

ሌሊት በር ዝጉበት። ጅብ በጅማ ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ መሸሽ የማይችል ውሻ ውጭ አያድርም። ዘበኝነቱ አብቅቷል። ጆሮው የደከመ ውሻ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ቃል በቃል ይፈጽመዋልና ቅር አይበላችሁ። ደግሞም በከተማ ውስጥ ለባዘኑ ውሾች ተብሎ የሚጣል መርዝ የባለቤት ውሻ ከሌላው አይለይም።

ጥፍሩ ካደገ

ብዙ የማይራመድ ውሻ ጥፍሩ አይሟጠጥም፤ ያድግና አረማመዱን ያጣምማል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ደግሞ ዞሮ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ነጭ ጥፍር ከሆነ ውስጡ የሚታየው ሮዝ ቀለም ጋ ሳትደርሱ ቁረጡ። ጥቁር ከሆነ ከጫፉ ትንሽ ትንሽ እየላጣችሁ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ሲታይ አቁሙ። ከደማ ዱቄት ነስንሱበትና 5 ደቂቃ ጫን ብላችሁ ያዙ፤ በየደቂቃው እየከፈታችሁ አትዩት።

ደረጃ 3፦ ምግብ

በቀን አንድ ትልቅ ሳህን መስጠቱን አቁሙ፤ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ አድርጉት።

መሠረቱ የተቀቀለ ሩዝ ወይም ቅንጬ፣ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም። እንጀራ የምትሰጡ ከሆነ በሥጋ ቅቅል ውኃ አርሱት። ጥርሱ ያለቀ ውሻ ሁሉን ነገር በደንብ ደቁሳችሁ ስጡት።

እነዚህን አትስጡ፦

- ወጥ፣ ሽሮም ጭምር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፤ ቢበስሉም መርዝነታቸው አይለቅቃቸውም።
- የበሰለ የዶሮ አጥንት። ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።
- ጥሬ ሳንባና ጉበት ከቄራ። ውስጣቸው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ውሻውን ትል ይይዘዋል፤ የትሉን እንቁላል ደግሞ ለቤተሰቡ ያወርሳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ አይሰጥ።
- የዳቦ ሊጥ። ሆዱ ውስጥ ይኩፋል።
- ቡና፣ ጥሬውም የተቆላውም የጀበና አተላውም። ቡና በሚቆላበት፣ ቡና በሚሰጣበት ከተማ ይህን መጻፍ ግድ ነው። ልቡን ያስሮጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል።
- ቸኮሌትና ዘቢብ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የብዙ ቤት ውሻ ሳይጠየቅ ይጾማል፤ 55 ቀን ሽሮና እንጀራ ብቻ የሚቀርብለት አሮጌ ውሻ ፋሲካ ላይ አጥንቱ ወጥቶ ይገኛል። በጅማ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በጾሙ ወቅትም ስለሚሠሩ ቁርጥራጭ ማግኘት አይቸግርም። በቤታችሁ ድስት መቀቀል ካልፈለጋችሁ ለእሱ ብቻ የሚሆን አንድ አሮጌ ድስት ለዩ።

ካልበላ

መጀመሪያ ምግቡን ለብ አድርጉት፤ ማሽተቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አፉን ክፈቱና እዩ፤ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ያበጠ ድድ፣ ጥርስ መካከል የተሰካ አጥንት ፈልጉ። ሳህኑን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጡ፤ አንገቱን ማጎንበስ አሞት እንደሆነ ያኔ ይበላል። ይህ ሁሉ ሆኖ 24 ሰዓት ካለፈ ሐኪም ይየው። ውኃ ካልጠጣ 24 ሰዓትም አትጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ሕመሙን ማቅለል

ከሁሉ በፊት ማስጠንቀቂያው፦ ለሰው የታዘዘ ማስታገሻ አትስጡ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያበላሻሉ፤ ፓራሲታሞልም በግምት ሲሰጥ ጉበቱን ይመርዛል። «ግማሽ ክኒን ምን አለው» የሚለው ርኅራኄ የገደለው ውሻ ቀላል አይደለም። ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሉ፤ ሐኪሙ ክብደቱን አይቶ ያዝዛል።

በቤት የምትችሉት ይህን ነው፦

1. የፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ ሙሉ፣ በፎጣ ጠቅልሉ፣ የደረቀው መገጣጠሚያ ላይ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩ። ለእጃችሁ የሚያቃጥል ከሆነ ለእሱም ያቃጥላል።
2. ከዚያ አራምዱት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአጭሩ፣ በሜዳ ላይ። ወደ ጅሬን አቀበት መውጣቱ ቀርቷል። ጨርሶ ማስተኛት ደግሞ ጡንቻውን ያሟሽሸዋል።
3. የኋላ እግሩ ከከዳው አሮጌ ነጠላ አጥፋችሁ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፉና ሁለቱን ጫፎች ከወገቡ በላይ ያዙ። ክብደቱን ትጋሩታላችሁ እንጂ አታንጠለጥሉት።
4. ከዝናብ ሲገባ ሆዱንና የጣቶቹን መካከል አድርቁ።

ለመዥገር ብላችሁ የከብት ዲያዚኖን አትርጩበት፤ ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲንም በራሳችሁ አትውጉት። መጠኑ ሲያልፍ ያንዘፈዝፈዋል፣ ሊያሳውረውም ይችላል። መዥገሩን ከቆዳው ሥር በወረንጦ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ በባዶ እጅ አትፍረጡት።

ደረጃ 5፦ አቀባበሉን ቀይሩ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ እንደ ቅንጦት ያየዋል። ለእኔ ግን ከመኝታው ቀጥሎ የሚመጣ ነው። አሮጌ ውሻ በቀን ውስጥ ከሚያደርጋቸው እንቅስቃሴዎች እጅግ የሚጎዳው እናንተን ለመቀበል ደንገጥ ብሎ የሚነሣው ነው።

1. ከበር ላይ ማፏጨትና ስሙን መጥራት አቁሙ። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ይስማሙ፤ አንድ ልጅ ብቻ ቢጠራው ሥራው ይፈርሳል።
2. ግቡና በቀጥታ እሱ ወዳለበት ሂዱ። ሳይነሣ በፊት ድረሱበት።
3. በፊት ለፊቱ ቅረቡ። ጆሮው ከደከመ መሬቱን በእግራችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ንዝረቱን ይሰማል። ዐይኑም ከደከመ እጃችሁን መጀመሪያ አፍንጫው ሥር አድርጉ።
4. ተቀመጡ። ከትከሻው ጀምራችሁ እሹት። እየተነሣ ከሆነ ደረቱ ላይ እጃችሁን አሳርፉና እንደ ተኛ አቆዩት።
5. ሁልጊዜ የምትሰጡት ነገር ካለ እዚያው ተኝቶ ስጡት። በሳምንታት ውስጥ መጠበቅን ይለምዳል።

ሐሙስ ለገበያ ስትወጡ እስከ መታጠፊያው የሚሸኛችሁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢውን አብራችሁ አንድ ዙር ዙሩና አስገቡት፤ የለበሳችሁትን ያልታጠበ ሹራብ አጠገቡ ተዉለት።

ልጆችን አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ፤ የተኛ አሮጌ ውሻ አይነካም። ሳይሰማ የተነካ ውሻ ቤተሰቡንም ቢሆን ይነክሳል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ፤ «የራሳችን ውሻ ነው» አይባልም።

ግቢውን የሚጠብቅ ቡችላ ማምጣት የሚገባው አሮጌው ደኅና እያለ ነው። ሳህናቸው ይለያይ፣ ቡችላው እንዳይዘልልበት አሮጌው ብቻውን የሚተኛበት ቦታ ይኑረው፣ መጀመሪያ የሚዳበሰውም እሱ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ወደ ሐኪም መውሰድ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከብትና በግ የሚታይበት ሰዓት ላይ ይዛችሁት ብትሄዱ ይጨነቃል።

1. ደብተሩን ያዙ። የአነሣሡን ቪዲዮ በስልክ ቅረጹ፤ ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ፈርቶ በደንብ ሊራመድ ይችላል።
2. ባጃጁን ከዋዜማው ተነጋገሩ። ውሻ መጫን የማይፈልጉ ሾፌሮች ብዙ ናቸው፤ ለአንዳንዱ ምራቁ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ አትከራከሩ። ወለሉ ላይ የምታነጥፉት ጆንያ ይኑራችሁ፣ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ቁረጡ።
3. የሚያመውን ሲነኩት ሊነክስ ስለሚችል አፉን እሰሩ። ሜትር የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ አፍንጫው ላይ አዙሩ፣ ከአገጩ ሥር አንዴ ቋጥሩ፣ ጫፎቹን ከጆሮው ኋላ ወስዳችሁ እሰሩ። እያለከለከ ወይም እያስታወከ ከሆነ ፈጽሞ አትሰሩት።
4. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ መታደሱን አረጋግጡ። «አርጅቷል፣ ከቤት አይወጣም» ብሎ መዝለል አይቻልም፤ ሌላው ውሻ በአጥሩ ሥር ይገባል።

ደረጃ 7፦ ድንገት ሲሆን

ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስታወክ እየታገለ ምንም ካልወጣው፦ ጨጓራው ተጣምሞ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ፤ ለነገ የሚያድር አይደለም።

ካንቀጠቀጠውና ከወደቀ፦ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ዙሪያውን አጽዱ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ ወደ ሐኪም።

ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ እየተንገዳገደ፣ ዐይኑ ወዲያ ወዲህ ከተወራጨ፦ እዚህ ላይ ብዙ ውሻ በከንቱ ይሞታል። ጎረቤት «አበደ» ይላል፤ ዱላ ይነሣል። በአሮጌ ውሾች ላይ ይህ ድንገት የሚመጣ የሚዛን መዛባት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራሉ። ይሁንና በዐይን ብቻ አይፈረድም። ክፍል ውስጥ ዝጉበት፣ ምራቁን አትንኩ፣ ሰው እንዳይገባ አድርጉ፣ ሐኪም ጥሩ። ጎረቤቶቻችሁን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የክትባት ወረቀቱም እጃችሁ ላይ ይሁን። ክትባት ያልወሰደ ከሆነ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት ከነከሰ ከሩቅ ሁኑ።

ደረጃ 8፦ መቼ ይብቃ

ደብተሩን መልሳችሁ አውጡ። በየማታው አራት ነገር ጻፉ፦ በላ? ሳይደገፍ ቆመ? ራሱን ሳያቆሽሽ ሸና? ስትመጡ አወቃችሁ? መጥፎዎቹ ቀናት ከደኅናዎቹ ሲበልጡ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። አራተኛው ብቻውን እንዳያታልላችሁ፤ ጭራው እስከ መጨረሻው ይቆላልና።

ጫካ ዳር ወስዳችሁ አትጣሉት። መርዝም አታብሉት፤ ሰዓታት የሚፈጅ ሥቃይ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ፣ ቀጥሎ ልብ የሚያቆመውን እንዲሰጠው ጠይቁ፤ ቢቻል ግቢያችሁ ድረስ እንዲመጣ። አብራችሁት ሁኑ፣ እጃችሁ አፍንጫው አጠገብ ይሁን።

ጉድጓዱን አስቀድማችሁ አስቆፍሩ፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከጉድጓድ ውኃና ከአዌቱ ወንዝ ዳር የራቀ። አፈሩ ላይ ድንጋይ ጫኑ። ጥልቀቱ ከቀነሰ ጅብ ያወጣዋል፤ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ የበላውንም አውሬ ይመርዛል።

የተኛበትን ጆንያ አቃጥሉ፣ ጣውላውን በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የተረፈውን ክኒን ለሐኪሙ መልሱ እንጂ ለጎረቤት ውሻ አትስጡ። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ለጥቂት ቀናት ሲፈልገው ልታዩ ትችላላችሁ፤ የምግብ ሰዓቱንና የሚራመድበትን መንገድ አትቀይሩበት። ሁለት ቀን ካልበላ እሱንም ለሐኪም አሳዩት።